ዲ3 ላይ የቆመው ፈረስ

ሞስኮ ውስጥ፣ ዛሬ ትሪዩምፋልናያ በሚባለው፣ በ1985 ግን በባለቅኔው በማያኮቭስኪ ስም ይጠራ በነበረው አደባባይ ላይ አንድ ታላቅ አዳራሽ ቆሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።) ሕንፃው ሲጠነሰስ የታሰበው ለሙዚቃ አልነበረም። ስመ ጥሩው የቴአትር አዘጋጅ ቭሴቮሎድ ሜየርሆልድ መጋረጃ የሌለው፣ መድረኩ ወደ ሕዝቡ ገፍቶ የሚወጣ፣ ተመልካቹ ተዋንያኑን ከብቦ የሚቀመጥበት ቴአትር ቤት እንዲሆንለት ያሰበው ነበር። በሜየርሆልድ እምነት ከደራሲው፣ ከአዘጋጁና ከተዋናዩ ቀጥሎ አራተኛው ፈጣሪ ተመልካቹ ነው። ሆኖም ቴአትሩ በ1938 ተዘጋ፤ እርሱም በ1939 ታሰረ፤ በፌብሩዋሪ 1940 ተረሸነ። ሕንፃው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የቻይኮቭስኪ የሙዚቃ አዳራሽ ተብሎ ተከፈተ።

በሴፕቴምበር 1985 በዚህ አዳራሽ መድረክ ላይ የቀረበው ግን ሙዚቃም ተውኔትም አልነበረም። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበሮች፣ ባለ ሁለት ፊት ሰዓት፣ ከሩቅ የሚታዩ ታላላቅ የማሳያ ሰሌዳዎች፤ ይኸው ነው። የዓለም የሰንጠረዥ ሻምፒዮን አናቶሊ ካርፖቭና ተፎካካሪው ጋሪ ካስፓሮቭ ለ24 ጨዋታዎች ተቀመጡ። ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው የሚይዘው አዳራሽ፣ ሰዓታት ሙሉ አንድ ቃል የማይናገሩ ሁለት ሰዎችን በጸጥታ ሲመለከት ይውል ነበር። ሜየርሆልድ የተመኘው አራተኛው ፈጣሪ ከ45 ዓመት በኋላ በዚያ ቦታ የተገኘው በዚህ መልክ ነው ብንል ማጋነን አይመስለኝም።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የሚያዩት ምን ነበር? እኛ ለመድረክ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ጥያቄ በዋዛ ልናልፈው አይገባም። ተውኔት ስንጽፍ መጨረሻውን እናውቃለን፤ ተዋናዩም ያውቃል፤ ተመልካቹ ባያውቅ እንኳ የሚያውቅ ሰው መኖሩን ያውቃልና በዚያ ተማምኖ ይቀመጣል። በሰንጠረዥ ግን መጨረሻውን የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ተዋንያን ራሳቸው ደራሲዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሌላውን ድርሰት ለማበላሸት የሚጽፉ ደራሲዎች ናቸው። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በተውኔት ውስጥ ምሥጢር የሚፈጠረው አንድ ነገር ከአንድ ሰው በመደበቁ ነው፤ ደብዳቤው ሲጠፋ፣ ወንድም ወንድሙን ሳያውቀው ሲቀር። በሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ የተደበቀ ነገር የለም። 32ቱም ጠጠሮች በ64ቱ ቤቶች ላይ ለሻምፒዮኑም፣ ከበስተኋላ ረድፍ ለተቀመጠው ተማሪም እኩል ይታያሉ። ታዲያ ሁሉም ነገር ተገልጦ ሳለ የሚታየው የሚሰወርበት ጥበብ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስለሆነም ጨዋታን መከታተል ማለት መገመት ነው። ተመልካቹ በልቡ አንድ እርምጃ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ ሌላ ይጫወታል፤ ተመልካቹ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለመረዳት ይጥራል። በአዳራሹ ውስጥ ይህ የሚፈጸመው በዝምታ ነው። ጋዜጠኞችና ባለሙያዎች በሚሰበሰቡበት ክፍል ደግሞ ትንንሽ ሰሌዳዎች ተዘርግተው ጠጠሮቹ ወዲያና ወዲህ ይወረወራሉ፤ ክርክሩ ይጦፋል። አንዳንዴ ዝምታውም ይሰበራል። በ1972 በሬይኪያቪክ ቦቢ ፊሸር 6ኛውን ጨዋታ ሲያሸንፍ ተሸናፊው ቦሪስ ስፓስኪ ከተመልካቹ ጋር አብሮ አጨብጭቧል።

የእኛ አባቶች ግን ሰንጠረዥን በዝምታ አይመለከቱም ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 በትግራይ የራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ ሆኖ ሳለ ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ራስ ከመኳንንቱ ጋር በዝሆን ጥርስ ጠጠሮች ሲጫወቱ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ምክር ይሰጣል፤ ከዚያም አልፎ ጠጠሩን በእጁ አንሥቶ የተሻለውን እርምጃ ያሳያል። የሀገራችን ሰንጠረዥ አጀማመርም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነበር። ወረራ በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ ሌላውን በዓይኑ እየተከታተለ፣ ሠራዊቱን እንደ ፈቀደ ያሰልፋል፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። እንግዲህ የዚህ ጨዋታ ተጫዋች ከሁሉ አስቀድሞ ተመልካች መሆን ነበረበት። ሶልት አንድ ነገር ጨምሮ ታዝቧል። ያ ሁሉ ጩኸትና ምክር እያለ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ነበሩ፤ አጫዋቾቻቸው በብልሃት እንዲያሸንፉ ያደርጓቸው ነበርና። ከዚህ የበለጠ የቤተ መንግሥት ተውኔት ማን ይጽፋል?

በኤውሮጳ ሩቅ ያለውን ጨዋታ የመከታተል ፍላጎት የተወለደው በፖስታ ነው። በ1824 የለንደንና የኤዲንብራ ክበቦች የጀመሩት የደብዳቤ ግጥሚያ እስከ 1828 ቆይቶ በኤዲንብራ አሸናፊነት አለቀ። በ1844 የሞርስ ቴሌግራፍ ዋሽንግተንን ከባልቲሞር ሲያገናኝ ወዲያው በሽቦው ላይ ከተላኩት መልእክቶች መካከል የሰንጠረዥ እርምጃዎች ይገኙበታል። በ1965 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ፊሸር ወደ ኩባ እንዳይሄድ ስለ ከለከለው በሃቫና ይካሄድ በነበረው ውድድር ኒው ዮርክ ተቀምጦ በቴሌታይፕ ተሳትፏል።

ሰንጠረዥን የሰፊው ሕዝብ ትርኢት ያደረገችው ግን ሶቪየት ኅብረት ናት። ከ1924 ጀምሮ የሰንጠረዡን ድርጅት የመራው ኒኮላይ ክሪለንኮ ጨዋታው ወደ ሠራተኛው እንዲገባ ተነሣ፤ በመንግሥት ወጪ የተዘጋጀው የ1925ቱ የሞስኮ ውድድርም የዚሁ ፍሬ ነው። ቦጎልዩቦቭ አንደኛ፣ ላስከር ሁለተኛ፣ የዓለሙ ሻምፒዮን ካፓብላንካ ሦስተኛ ወጡ። ፑዶቭኪን በዚሁ ውድድር ሰሞን «የሰንጠረዥ ትኩሳት» የተባለ አጭር አስቂኝ ፊልም ሠራ፤ ካፓብላንካም ራሱን ሆኖ ታየበት። ክሪለንኮም እንደ ሜየርሆልድ ፍጻሜው አላማረም፤ በ1938 ተረሸነ። በኋላ አዳራሹን ሞልተው በጸጥታ የተቀመጡት ሰዎች ግን እርሱ የዘራው ዘር ናቸው።

አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ። ካርፖቭ 34 ዓመቱ ነበር፤ ከ1975 ጀምሮ ዘውዱን ይዟል። የባኩው ልጅ ካስፓሮቭ 22 ዓመቱ ነበር። በሴፕቴምበር 1984 የጀመሩት የመጀመሪያ ግጥሚያ ስድስት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል በሚል ደንብ የሚመራ ነበር፤ 48 ጨዋታዎች ተካሂደው፣ 40ው በእኩል ተፈጽመው፣ ካርፖቭ 5 ለ3 እየመራ ሳለ በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1985 በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፕሬዚደንት ትእዛዝ ያለ ውጤት ተቋረጠ። ለሁለተኛው ግጥሚያ የጨዋታው ቁጥር በ24 ተወሰነ። 15 ጨዋታዎች ሲያልቁ ሁለቱም እኩል 7 ነጥብ ተኩል ነበራቸው። 16ኛው የተካሄደው ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15 ቀን ነው።

ካርፖቭ ነጩን ይዞ የንጉሡን ወታደር ወደ ኢ4 አራመደ፤ ካስፓሮቭ በሲሲሊያ መከላከያ መለሰ። በስምንተኛው እርምጃ ካስፓሮቭ ወታደሩን ወደ ዲ5 ገፍቶ ያለ ዋጋ አቀረበው። ይህን መሥዋዕት በ12ኛው ጨዋታም አቅርቦት ነበር፤ ያ ጨዋታ በ18 እርምጃ በእኩል ተፈጽሟል። ስለዚህ በዚህ ቀን የአዳራሹ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ካርፖቭ መድኃኒቱን አግኝቶለታል ወይ? ካርፖቭ ወታደሩን በላ። በአሥረኛው እርምጃ የካስፓሮቭ ፈረስ ቢ4 ላይ ወጣ። ነጩ አንድ ወታደር ይበልጣል፤ በምትኩ ግን ከፈረሶቹ አንዱ ኤ3 ላይ፣ ከሰሌዳው ጠርዝ፣ ተጥሏል። በ12ኛው እርምጃ ካርፖቭ ንጉሡን ወደ ግንቡ ወስዶ አስጠለለ። ማንም ተመልካች ይህን እርምጃ ቢመርጥ የሚነቅፈው አልነበረም። ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከዚያ በኋላ ያለው አራት እርምጃ ዝግጅት ነው። የጥቁሩ ጳጳስ ኤፍ5 ላይ፣ ግንቡ ኢ8 ላይ፣ ወታደሩ ቢ5 ላይ ቆሙ። በ16ኛው እርምጃ ፈረሱ ከቢ4 ተነሥቶ ዲ3 ላይ፣ በነጩ ግዛት መካከል፣ አረፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሰሌዳውን እንመልከት። ዲ3 ላይ የቆመ ፈረስ ስምንት ቤቶችን ይዛል፤ ቢ2፣ ቢ4፣ ሲ1፣ ሲ5፣ ኢ1፣ ኢ5፣ ኤፍ2፣ ኤፍ4። የነጩ ሁለት ግንቦች ዲ1ና ኤፍ1 ላይ ናቸው፤ ክፍት ወደ ሆኑት መሥመሮች ለመውጣት ሲ1ንና ኢ1ን ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም በፈረሱ ተይዘዋል። ንግሥቲቱ ዲ2 ላይ ከፊቱ ቆማለች፤ ልትበላው ግን አትችልም፤ የኤፍ5 ጳጳስ ከሩቅ ይጠብቀዋልና። አንዳንድ የሰንጠረዥ ጸሐፊዎች ይህን ፈረስ በስምንት እጆቹ ከሚይዘው የባሕር እንስሳ ጋር ማመሳሰላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የታፈነው ሰው ማንነት ነው። ካርፖቭ በዓለም የታወቀው ተቃዋሚውን ቀስ በቀስ፣ አየር እየነሣ፣ በማፈን ነበር። በዚያ ቀን የገዛ ጥበቡ ዞሮ በራሱ ላይ መጣ።

አንድ ሰው የታፈነ መሆኑን ተመልካች የሚረዳው ጠጠሮቹ ወደ ኋላ መሄድ ሲጀምሩ ነው። ወታደሩ ወደ ቢ4 ቢገፋ ኤ3 እና ሲ3 ላይ ያሉትን ሁለት ፈረሶች በአንድ ጊዜ ስለሚነክስ፣ ካርፖቭ በ17ኛው እርምጃ አንዱን ፈረስ ወደ ኋላ፣ ወደ ቢ1 መለሰው። በ19ኛው ሌላው ፈረስ ወደ ኤ4፣ ወደ ጠርዝ፣ ተገፋ። በ21ኛው የነጩ ወታደር ወደ ቢ3 ሲወጣ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የኤ4 ፈረስ በቢ2 በኩል ተመልሶ ያን ያልተጠራ እንግዳ ከቤት ያስወጣዋል። የካስፓሮቭ መልስ ግን በሌላ አቅጣጫ መጣ። ከገዛ ንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ወደ ጂ5 ገፋው። የራሱን አጥር የሚያፈርስ መምሰሉ አይካድም። ደረጃ በደረጃ ብንከታተለው ግን ምክንያቱ ይገለጣል፤ ነጩ ፈረስ ቢ2 ቢደርስ ጥቁሩ ይበላዋል፤ ንግሥቲቱ መልሳ ትበላለች፤ ወታደሩ ወደ ጂ4 ተገፍቶ የኤፍ3ን ጳጳስ ያባርራል፤ ጳጳሱ ወደ ኢ2 ሲሸሽ የጥቁሩ ግንብ ሲ2 ላይ ይገባና ንግሥቲቱንና ጳጳሱን በአንድ መሥመር ይይዛቸዋል። በሰሌዳው ቀኝ የተደረገ እርምጃ በግራው ያለውን በር የዘጋው በዚህ ዓይነት ነው።

ለእኔ የጨዋታው ቁንጮ 16ኛው እርምጃ ሳይሆን 23ኛው ነው። ካስፓሮቭ ሁለተኛውን ፈረስ ከኤፍ6 ወደ ዲ7፣ ማለትም ወደ ኋላ፣ መለሰው። ማንንም አይነካም፤ ማንንም አያስፈራራም። ነገር ግን ለንግሥቲቱ የኤፍ6ን ቤት ለቀቀላት፤ ለራሱም ወደ ኢ5 የሚያወጣ መንገድ አበጀ። አሁንም ነጩ ፈረስ ወደ ቢ2 ቢመጣ ንግሥቲቱ ኤፍ6 ላይ ትወጣለች፤ ነጩ ዲ3 ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ቢበላ የጥቁሩ ሁለተኛ ፈረስ ኢ5 ላይ ብቅ ብሎ ንግሥቲቱንና ጳጳሱን በአንድነት ይወጋል። በመድረክ ላይ አንድ ተዋናይ ዝም ብሎ ወንበሩን አንድ ክንድ ወደ ኋላ ሲስብ ትዕይንቱ በሙሉ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። የ23ኛው እርምጃ ኃይል እንደዚያ ያለ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚመለከት ሰው ግን ሊያየው አይችልም።

ከዚህ በኋላ ካርፖቭ ሊያደርገው የሚችለው ነገር እየጠበበ ሄደ። ንግሥቲቱ ወደ ኤ2 ወጣች፤ ተመልሳም ወደ ዲ2 መጣች። በ28ኛው እርምጃ ያን የበላውን ወታደር ወደ ዲ6 ገፍቶ መልሶ አቀረበው፤ ካስፓሮቭ ግን በችኰላ አላነሣውም፤ ሁለት እርምጃ ጠብቆ በላው። በ34ኛው እርምጃ የነጩ ንግሥት በመጨረሻ ዲ3 ላይ ያለውን ፈረስ በላችው። ፈረሱ ከ16ኛው እርምጃ ጀምሮ ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር። የተበላውም በዋጋ ነው፤ ሌላው የጥቁር ፈረስ ኤፍ2 ላይ ዘልሎ ንጉሡንና ንግሥቲቱን በአንድ ጊዜ ነከሰ። ንግሥቲቱ ጠፋች። የጥቁሩ ንግሥትና ሁለት ግንቦች በነጩ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ተረባረቡ፤ በ40ኛው እርምጃ ግንቡ ኢ1 ላይ ንጉሡን ሲያስጨንቅ ካርፖቭ እጁን ሰጠ። ቢ1 ላይ የተመለሰው ፈረስ ከቤቱ የወጣው ከዚያ አንድ እርምጃ አስቀድሞ ነበር።

ካስፓሮቭ 8 ነጥብ ተኩል ለ7 ተኩል መራ፤ በኖቬምበር 9 ቀን 24ኛውን ጨዋታ አሸንፎ 13 ለ11 በሆነ ውጤት 13ኛው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህን 16ኛ ጨዋታም ከምርጥ ሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ሲቈጥረው ኖሯል።

ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። በ1986 ብራስልስ ላይ ሆላንዳዊው ጆን ቫን ደር ዊል ያንኑ መሥዋዕት በዚያው በካርፖቭ ላይ አቀረበ። ካርፖቭ በ12ኛው እርምጃ ንጉሡን አላስጠለለም፤ ጳጳሱን ወደ ኢ3 አወጣ። በዚህ አንድ እርምጃ የጥቁሩ ሐሳብ ፈራረሰ፤ ካርፖቭም አሸነፈ። እንግዲህ ያ ሁሉ ውበት የተሠራው ሊፈርስ በሚችል መሠረት ላይ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ማንም ተማሪ እርምጃዎቹን ለኮምፒዩተር ቢሰጥ ይህንኑ በጥቂት ሴኮንዶች ይነግረዋል። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር ካስፓሮቭን ራሱን 3 ነጥብ ተኩል ለ2 ተኩል ካሸነፈው ወዲህ የዳኝነቱ ወንበር ለማን እንደ ሆነ ክርክር የለም።

ታዲያ ጨዋታው ከክብሩ ይወርዳል? አይወርድም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ውበት ከእውነት ይበልጣል የሚለው የሰነፎች ምክንያት አይደለም። ኮምፒዩተሩ የሚናገረው ስለ ሰሌዳው ነው፤ ለሰሌዳው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። በዚያ ማክሰኞ ግን ሰሌዳው ብቻውን አልነበረም፤ ሁለት ሰዎችና ሁለት የሚሮጡ ሰዓቶች ነበሩበት፤ ከመካከላቸውም ኢ3ን ያየ አልነበረም። ደግሞም መድኃኒቱን ፈልጎ ያገኘው ሌላ ማንም ሳይሆን በሕመሙ የተሠቃየው ሰው ነው። ካርፖቭ ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ ጨዋታውን መከታተሉን አላቋረጠም ነበር። አንድን ተውኔት መጨረሻውን አውቆ የሚነቅፍ ሐያሲ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛውን ገቢር ሳያውቅ ሁለተኛውን የተመለከተው ሰው ያየውን ነገር ግን አላየም። ዛሬ ከሰሌዳው ጎን ቁጥር የሚያነብ ተመልካች ማን እንደሚበልጥ ከተጫዋቾቹ አስቀድሞ ያውቃል፤ ለምን እንደሚበልጥ የመጠየቅ ልማዱ እየደከመ መምጣቱ ነው የሚያሳስበኝ። የ23ኛውን እርምጃ ቁጥር አይገልጠውም። አስተማሪዎች ይህን ጨዋታ በክፍል ቢያሳዩ ቁጥሩን ሸፍነው፣ ተማሪው በየእርምጃው የራሱን ግምት በወረቀት እንዲጽፍ ቢያደርጉ መልካም ይመስለኛል።

የራስ ወልደ ሥላሴ አደባባይ ሥርዓትም ፈጽሞ አልጠፋም። በ1999 ካስፓሮቭ በኢንተርኔት አማካይነት ከመላው ዓለም ጋር አንድ ጨዋታ ተጫውቷል። ከ75 በላይ ከሆኑ ሀገሮች የተውጣጡ ከ50,000 የበለጡ ሰዎች እየተከራከሩ፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ እየጣለ፣ በድምፅ ብልጫ እርምጃ ይመርጡ ነበር። ጨዋታው አራት ወር ወሰደ። በ62ኛው እርምጃ ካስፓሮቭ አሸነፈ፤ በዚህኛው ግን ሆን ብሎ የለቀቀለት አልነበረም፤ በሕይወቱ ይህን ያህል የደከመበት ጨዋታ እንደሌለ ተናግሯል። ሰዎቹ በአደባባይ የሚያደርጉትን ክርክር ያነብ እንደ ነበርም በኋላ አምኗል።